«ከጎግል ነው ያገኘሁት» ማለት ፈቃድ አይደለም

ሁሉም ነገር በተወደደበት አገር ዋጋ ሳይጨምር የቀረ አንድ ነገር ቢኖር የሰው ፊት ነው። ማንም ያነሳዋል፣ ማንም ይለጥፈዋል፣ ማንም ይነግድበታል፤ ሒሳብ የሚጠይቅ የለም።

የውበት ሳሎን ገጽ ሠርቷት የማያውቃትን ሙሽራ ፎቶ «የእኛ ሥራ» ብሎ ያወጣል። የዩቲዩብ ቻናል ባሏን ስለከዳች ሴት ለሚተርከው ታሪክ፣ ከታሪኩ ጋር ምንም የማይገናኝ የሌላ ሴት ፎቶ ታምኔል ያደርጋል። «ልጃችንን አድኑልን» ከሚል የባንክ ሒሳብ ቁጥር በላይ የሌላ ቤተሰብ ሕፃን ተኝቶ ይታያል። በፎሬክስ «ሕይወቴ ተቀየረ» ብሎ የሚመሰክረው ጎልማሳ ስለ ፎሬክስ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይሆናል፤ ፎቶው የተወሰደው ከፌስቡኩ ነው።

ባለቤቱ ወይም ባለቤቷ ደርሰው ሲጠይቁ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ከጎግል ነው ያገኘሁት።» ደፈር ያለው ደግሞ «ታዲያ ራስሽ ለምን ፖስት አደረግሽው?» ብሎ ጥፋቱን ወደ ተበዳይዋ ያዞረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ይህ መልስ በኢትዮጵያ ሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ ሆኖም አያውቅም። ዋጋ ያገኘው እኛ አምነን ስለተቀበልነው ነው። ሕጉም ቢሆን ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱ ያለው ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ቦታ ላይ አይደለም።

*ሕጉ ከኢንተርኔት ይቀድማል*

ብዙ ሰው «እዚህ አገር እኮ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ሕግ የለም» ሲል ይሰማል። አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ፌስቡክ ሊፈጠር ከ40 ዓመት በላይ ሲቀረው የተጻፈ ነው።

ልብ በሉ፤ ሕጉ ፎቶውን ማን እንዳነሳው፣ ካሜራው የማን እንደሆነ ወይም መጀመሪያ የት እንደወጣ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ፊቱ የማን እንደሆነና ባለፊቱ ፈቅዶ እንደሆነ ነው። ስለዚህ «ራስሽ ፖስት አድርገሽው» የሚለው ክርክር ሩቅ አይሄድም። እንግዳ ለመቀበል በሬን ከፈትኩ ማለት ሶፋዬን ተሸክሞ መውጣት ይቻላል ማለት አይደለም። ለወዳጅ ዘመድ የታየ የልደት ፎቶ ለሳሙና ማስታወቂያ አልተፈቀደም።

የፎቶ አንሺው ፈቃድም የባለፊቱን ፈቃድ አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2007 ቨርጂን ሞባይል አውስትራሊያ የአንዲት አሜሪካዊት ታዳጊ ፎቶ ፍሊከር ከተባለው የፎቶ ድረ ገጽ ወስዶ፣ የሚያሾፍ ጽሑፍ ጨምሮበት በአደባባይ ማስታወቂያ ሰቀለው። ፎቶውን ያነሳው ሰው «ስሜን እየጠቀሰ ማንም ይጠቀምበት» በሚል ፈቃድ ለቆት ነበር። ልጅቷን ግን የጠየቃት አልነበረም። ቤተሰቧ ቴክሳስ ውስጥ ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2009 ውድቅ የተደረገው ፍርድ ቤቱ አውስትራሊያ ባለው ኩባንያ ላይ ሥልጣን የለኝም በማለቱ ነው። በደል ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ሁለት ትምህርት እንውሰድ፦ አንሺው መፍቀዱ አይበቃም፤ ድንበር የተሻገረ ፎቶን በፍርድ ቤት ማሳደድ ደግሞ ከባድ ነው። ሁለተኛውን ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ሕጉ ልዩ ሁኔታዎችም አሉት። በቁጥር 28 መሠረት ሰውየው ታዋቂ ወይም የሕዝብ ሥልጣን ያለው በመሆኑ፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ በማስፈለጉ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት በመጥቀሙ የምስሉ መውጣት ተገቢ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተከናወነ ጉዳይ ጋር በተያያዘ የወጣ ምስልም እንዲሁ።

እኛ ጋዜጠኞች የምንደገፈው በዚህ አንቀጽ ነው፤ መኖሩም ግድ ነው። ያለሱ የመስቀል ደመራን ፎቶ ለማውጣት የአንድ አደባባይ ሕዝብ ሊያስፈርሙን ነው። ግን አንቀጹን ከሚሸከመው በላይ ጭነነዋል። ደመራ ላይ የተነሳች ሴት በደመራ ዜና ላይ ብትታይ ተገቢ ነው። የዚያችው ሴት ፊት ተቆርጦ ከሁለት ዓመት በኋላ «ሴተኛ አዳሪነት ተስፋፋ» በሚል ዘገባ ላይ ከተለጠፈ ግን ጉዳዩ ከበዓሉ ጋር ምን አገናኘው? ከሥሩ «ፋይል ፎቶ» ብሎ መጻፍም አያነጻም። ጎረቤቷ የሚያየው ፊቷን እንጂ ከሥሩ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አይደለም።

*አንድ ሺህ ብር*

ጉድለቱ ያለው ዋጋው ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2116 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለጠበቃ የማማከር ክፍያ እንኳ አይበቃም። ስሟ ጠፍቶ፣ ትዳሯ ተናግቶ፣ ከሰው ተደብቃ ለከረመች ሴት የኅሊና ጉዳት ጣሪያው ይህ ነው።

በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የቅጂ መብቱ ለተጣሰ ሰው የሞራል ካሳው ከ100,000 ብር ማነስ የለበትም ይላል። የአንዱ ጣሪያ የሌላው ወለል መቶኛ ነው። «እንግዲያው በቅጂ መብት ልክሰስ» የሚል ካለ ሌላ አጥር ይጠብቀዋል፦ በዚሁ አዋጅ ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሆኖ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም በኤግዚቢሽን ሲቀርብ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የሠርግ ፎቶ መቼ ኤግዚቢሽን ገባ?

አንድ ቀዳዳ ግን አለ፤ ጠበቆችም ተከሳሾችም አዘውትረው ሲያነሱት አላይም። ቁጥር 29 ስለ ምስል ለብቻው ይናገራል። ባለፎቶው ማሳየቱ ወይም መሸጡ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱም ለርትዕ ሲል ያ ሰው ከፎቶው ባገኘው ጥቅም ልክ ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል። ሚዛኑ የእናንተ ዕንባ መሆኑ ቀርቶ የእሱ ትርፍ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ «አቁም» ተብሎ ወዲያው ካላቆመ ካሳው ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ክብደት የሚሰጠው እርምጃ ነው።

ባለፎቶው ሞቶ ከሆነና የምስሉ መታየት ክብሩን ወይም ስሙን የሚነካ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ይህንኑ መብት ይዞ መቆም ይችላል። የሟች አባታቸው ፎቶ የልመና ማስታወቂያ ሆኖ ያገኙ ልጆች ይህን ይወቁ።

*ፖስት ሳያደርጉ የተለጠፉት*

«አትለጥፊ» የሚለው ምክር ከንቱ መሆኑን በደንብ የሚያሳዩት ፌስቡክ እንኳ የሌላቸው ሴቶች ናቸው። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ልጅ ኤጀንሲ ቢሮ ገብታ ቆማ ፎቶ ትነሳለች። ፎቶው ከዕድሜዋ፣ ከሃይማኖቷ፣ ከቁመቷ፣ ከክብደቷ፣ አንዳንዴም ከፓስፖርት ቁጥሯ ጋር ሲቪ ተብሎ ይላካል። የዚያኛው አገር ኤጀንሲ ዌብሳይቱ ላይ ይደረድረዋል። አሠሪ የሚሆነው ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሸቀጥ እንደሚመርጥ ሰው ወደ ታች ይገፋል።

ቢቢሲ አረብኛ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የምርመራ ዘገባ በኩዌት የቤት ሠራተኞች በስልክ መተግበሪያዎችና በኢንስታግራም ጭምር ለሽያጭ ሲቀርቡ አሳይቷል። የሰው ፎቶ ያለ ሃይ ባይ ሲዘዋወር መጨረሻው የት እንደሚደርስ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ልጅቷ ለሥራው ፈቅዳለች እንበል። ፎቶዋ ለአንድ አሠሪ እንዲታይ መፍቀዷ፣ ውሏን ጨርሳ አገሯ ገብታ፣ አግብታ ወልዳም ፊቷና ክብደቷ ለዓለም ክፍት ሆኖ እንዲኖር መፍቀድ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ግን ቢያንስ የሚያዝ እጅ አለ። የላካት ኤጀንሲ አዲስ አበባ ቢሮ ያለው፣ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ የወሰደ ነው። «ለማን እንደላካችሁት ንገሩኝ፣ አስነሱልኝ» የሚል ደብዳቤ በመጀመሪያ መድረስ ያለበት ለእሱ ነው። ዝም ካለ ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት። ሚኒስቴሩም ፈቃድ ሲያድስ «የተመለሱ ሠራተኞች ፎቶ ከአጋሮችህ ገጽ ወርዷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎድልበታል?

*ፎቶአችሁን ብታገኙት*

ከቅደም ተከተሉ አትውጡ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ንዴቱ ስለሚቀድመው ነው።

1. መጀመሪያ ማስረጃ። ሳትጽፉለት፣ ሳትደውሉ፣ ኮመንት ሳታደርጉ ስክሪንሾት አንሱ። ሙሉ ሊንኩ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የገጹ ስም፣ የተመልካቹ ቁጥር፣ ከፎቶው ጋር የቀረበው ዋጋ ወይም ስልክ ይታይ። ማስታወቂያ ከሆነ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅዱ። የትርፉ ማስረጃ ያለው እዚያ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ «ስክሪንሾት ምን ያደርጋል?» የሚላችሁን አትስሙ። ዋናውን የራሳችሁን ፎቶም ከነተነሳበት ቀኑ አስቀምጡ።

2. ሌላ የት እንዳለ ፈልጉ። ጎግል ሌንስ ወይም ቲንአይ ላይ ፎቶውን አስገብታችሁ የተባዛበትን ቦታ መዝግቡ። ከአንዱ ገጽ አስነስታችሁ አምስት ቦታ ቢቀር ድካም ነው።

3. በጽሑፍ ጠይቁ። ስድብ የለ፣ ልመና የለ። ይህን መገልበጥ ትችላላችሁ፦

«ለ______ ገጽ አስተዳዳሪ፦ በዚህ ሊንክ ______ ላይ ያወጣችሁት ፎቶ የእኔ ነው። እንድታወጡት አልፈቀድኩም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 እና 29 መሠረት ፎቶውን ከገጻችሁና ከማስታወቂያዎቻችሁ ሁሉ ወዲያውኑ እንድታነሱ፣ ከየት እንዳገኛችሁትና ለማን እንዳስተላለፋችሁት በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተነሳ በሕግ እጠይቃለሁ። ቀን ______»

መልእክቱን የላካችሁበትንና የታየበትን ሰዓት ስክሪንሾት አድርጉ። ጨዋ የሆነው ገጽ እዚህ ላይ ያነሳዋል።

4. ካላነሳ ወደ መድረኩ። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ የግላዊነት ቅሬታ ቅጽ አላቸው። ባለጉዳዩ ራሱ ሲሞላው የመቶ ጓደኛ «ሪፖርት አድርጉልኝ» ዘመቻ የማይሠራውን ይሠራል። ዩቲዩብ ቅሬታው ሲደርሰው ቪዲዮውን ለጫነው ሰው ራሱ እንዲያነሳው 48 ሰዓት ሊሰጠው ይችላል። ፎቶውን ያነሳችሁት ራሳችሁ ከሆናችሁ የኮፒራይት ቅጹም ሌላ በር ነው። አንሺው ሌላ ሰው ከሆነ ግን «እኔ ነኝ» ብላችሁ አትሙሉ፤ በአሜሪካ ሕግ የሐሰት ቃል ያስጠይቃል፤ አንሺው ራሱ ይሙላላችሁ።

5. ራሱን የቻለ ዌብሳይት ከሆነ አስተናጋጁን ፈልጉ። እያንዳንዱ ዌብሳይት የተከራየው ሰርቨር አለ። በ«ሁኢዝ» ፍለጋ የአስተናጋጁን ድርጅት ስምና የቅሬታ አድራሻ ማግኘት ይቻላል። ባለገጹ አልሰማም ቢል አከራዩ ይሰማ ይሆናል። ድንበር ለተሻገረ ፎቶም ከቴክሳስ እስከ አውስትራሊያ ከመካሰስ ይህ ይቀላል።

6. ጎግል ላይ ስሙን አስነሱ። ጎግል ከፍለጋ ውጤቱ ቢያወጣው ፎቶው ከዌብሳይቱ አይጠፋም፤ የሚያየው ሰው ግን በጣም ይቀንሳል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወይም ወላጁ የልጁ ምስል ከፍለጋ ውጤት እንዲወጣ ማመልከት ይችላል።

7. ከዚያ ሕግ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው የግል መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከፎቶው ጋር ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ ወይም ማስፈራሪያ ካለ ጉዳዩ የኮምፒውተር ወንጀል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13ን ጠቅሳችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ። አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ የአገራችሁን የመረጃ ጥበቃ ተቋም በር አንኳኩ፤ የማሰረዝ መብት እዚያ የቆየ ነው።

ሦስት ነገር አታድርጉ። አንደኛ፣ ፎቶውን ራሳችሁ «እዩልኝ» ብላችሁ አታዙሩት። እ.ኤ.አ. በ2003 ባርባራ ስትራይሳንድ የቤቷ የአየር ላይ ፎቶ ከአንድ ድረ ገጽ እንዲነሳ ስትከስ፣ ከክሱ በፊት የወረደው ስድስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱን ያወረዱት የራሷ ጠበቆች ናቸው። ወሬው ሲሰማ በአንድ ወር ውስጥ ከ420,000 በላይ ሰው ገጹን ጎበኘ። ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ላይ «በ5,000 ብር አጠፋልሃለሁ» ለሚል «ሀከር» ገንዘብ አትላኩ፤ ፎቶውንም ገንዘቡንም ይዞ ይቀራል። ሦስተኛ፣ እርቃን ፎቶ ይዞ ለሚያስፈራራ ሰው አትክፈሉ። አንዴ የከፈለ ሁልጊዜ ይከፍላል። ለዚህ ዓይነቱ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የተባለ ነጻ አገልግሎት አለ፦ ፎቶው ከስልካችሁ ሳይወጣ የዲጂታል አሻራው ብቻ ተወስዶ አብረውት ለሚሠሩ መድረኮች ይላካል፤ እነሱም ያ ፎቶ ሲጫን ያግዱታል። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ደግሞ «ቴክ ኢት ዳውን» አለ።

*ምን ይደረግ?*

ይህን ሁሉ ደረጃ አንድ ተራ ሰው ብቻውን መውጣቱ ፍትሕ አይደለም። ሌባው አንዴ ይጫናል፤ ባለቤቱ ሰባት በር ያንኳኳል። ስለዚህ የምንጠይቀው ይኑር።

የ1,000 ብሩ ጣሪያ ይነሳ። ሕግ አውጪው ለዘፈንና ለመጽሐፍ የመቶ ሺህ ብር ወለል ማስቀመጥ ከቻለ፣ ለሰው ፊት ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ የአንድ ሺህ ብር ጣሪያ የሚያቆይበት ምክንያት የለውም።

የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማንም በስልኩ የሚሞላው፣ በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም የተዘጋጀ የፎቶ ቅሬታ ቅጽ ያውጣ። ቅጹን የሞላ ሰው ቁጥር ይሰጠው፤ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝም ይነገረው። አዋጅ ወጥቶ ተራው ሰው በሩን ካላወቀው ለነጋሪት ጋዜጣ ብቻ ነው የወጣው።

ከሁሉ በፊት ግን ጉዳዩ የእኛ ነው፤ የጋዜጠኛው፣ የቻናል ባለቤቱ፣ የገጽ አስተዳዳሪው። የሰው ፎቶ ከማውጣት በፊት ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ ሰው ማን ነው? ጠይቄዋለሁ ወይ? ሁለቱንም መመለስ ካልቻልን ፎቶው አይውጣ። ያለ ፎቶ የሚሞት ጽሑፍ ካለ ይሙት፤ ቀድሞውንም በሰው ፊት ነበር የቆመው።

«ፎቶውን ምን አለበት?» የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የእናታችሁን ፎቶ ዛሬ ማታ የማታውቁት ገጽ ላይ፣ ከማታውቁት የባንክ ሒሳብ በላይ ብታዩት ምን ትላላችሁ? «ከጎግል ነው ያገኘሁት» ሲላችሁ ትቀበሉታላችሁ?

ካልተቀበላችሁ ለሌላውም አትቀበሉለት። ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት ገጽ አስተዳዳሪ ላኩለት።